በእንግሊዝኛው ኒዘር (neither) ላይ «ሃዝ» (has) ነው ወይስ «ሃቭ» (have)?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ፈተና ሳርም የተቸገርኩበትን ብትረዱኝ።

የማያከራክረውን ላስቀድም። ኢዘር (either) ከሁለቱ አንዱ ማለት ነው፤ ኒዘር ደግሞ ከሁለቱ አንዱም አይደለም ማለት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን «ኤኒ» (any) እና «ነን» (none) ይተኳቸዋል። ኢዘር ከኦር፣ ኒዘር ከኖር ጋር ይሄዳሉ። ኒዘር ራሱ አሉታ ስለሆነ ኖት አይጨመርበትም። ልጆቹ ግን ይጨምራሉ፤ አማርኛችን «ማንኛቸውም አልመጡም» ብሎ አሉታውን ግሡ ላይ ስለሚያደርግ «ኒዘር ዲድ ኖት ከም» ብለው ይጽፋሉ። ትክክሉ «ኒዘር ኬም» ነው። «አይ ዶንት ላይክ ኢዘር» ግን ልክ ነው፤ አሉታው ዶንት ላይ አለና።

አሁን ጥያቄዬ። «ኒዘር ኦቭ ዘ በስስ ቱ ኮምቦልቻ … ለፍት» በሚለው ባዶ ቦታ በመደበኛ ጽሑፍ ሃዝ ይገባል፤ በስስ ብዙ ቢሆንም ግሡ የሚከተለው ኒዘርን ነው። በንግግር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሃቭ ይላሉ። ሃቭ የጻፈን ልጅ ነጥብ ልቀንስበት?

ሁለተኛው ይብሳል። በኒዘር … ኖር ግሡ ቅርቡን ስም ይከተላል፦ «ኒዘር ዘ ቲቸር ኖር ዘ ስቱደንትስ አር ሂር»። ስሞቹን ሳገላብጥ «ኖር ዘ ቲቸር ኢዝ ሂር» ይሆናል፤ ሕጉን ቢጠብቅም ጆሮ ይቆረቁራል። ብዙ ቁጥሩን ሁልጊዜ ወደ ኋላ አድርጉ ብዬ ማስተማር ይበቃል? አንድ ወንድና አንዲት ሴት በኖር ሲያያዙስ፣ «መጽሐፉን አላመጡም» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ቡክ» ከሚለው ቃል በፊት ሂዝ (his)፣ ኸር (her) ወይስ ዜር (their) ትቀበላላችሁ? ክፍል ውስጥ የሞከራችሁትን ከነምሳሌው ጻፉልኝ።