ከአባቴ መኪና ስር የሚንጠባጠበው ውሃ

ከሪያድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ላሉት አባቴ ከእህቶቼ ጋር ተጋግዘን መኪና ገዝተንላቸው ነበር። ሰሞኑን ከከሚሴ በተመለሱ ቁጥር ከመኪናዋ ስር ውሃ ይንጠባጠባል። ያየላቸው መካኒክ «የኤሲው ጋዝ እየፈሰሰ ነው፤ መሞላት አለበት» አላቸው። ብሩን ልልክ ነው። ከመላኬ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ብዬ ነው።

ከጅዳ፦

አብሽሪ እህቴ። ብሩን ለጊዜው አትላኪ።

የኤሲ ጋዝ እንደ ውሃ አይንጠባጠብም። ብዙ መኪና ላይ ያለው 134ኤ የሚባለው ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከቱቦው ካመለጠ ወዲያው ተኖ ይጠፋል። ቢበዛ ያፈሰሰበት ቦታ ላይ ትንሽ ቅባት ይተዋል እንጂ መሬት ላይ አይጠራቀምም። ጋዝ ማነሱ የሚታወቀው ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ነው። መጀመሪያ አባባን «ኤሲው ያቀዘቅዛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ውሃው ታዲያ ከየት መጣ? ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሽ ራዲያተር የመሰለ፣ በጣም የሚቀዘቅዝ ዕቃ አለ። ሞቃቱ አየር በሱ ሲያልፍ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ከሚሴ ላይ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ማለት ነው። ያ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚንጠባጠበው ጋቢና የተቀመጠ ሰው እግሩን ከሚያሳርፍበት በታች ነው።

«ከከሚሴ በተመለሱ ቁጥር» ያልሽው ራሱ ብዙ ይናገራል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ኤሲ የሚከፍት ሰው ብዙም የለም። ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርገሽ ወደ ከሚሴ ስትወርጂ ግን 1,400 ሜትር አካባቢ ትደርሻለሽ። ሙቀት ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ ይጨመርበታል። ኤሲው የሚሠራው ያኔ ነው፤ ውሃውም የሚበዛው ያኔ። እዚህ ጅዳ ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ስሩ እርጥብ ነው። ሪያድ ደረቅ ስለሆነ አንቺ ይህን ብዙም አላየሽው ይሆናል።

እኔ በዚህ ነገር ተጎድቻለሁ። ለወንድሜ ሁለት ጊዜ «የጋዝ» እየተባለ ልኬያለሁ። ኋላ ለዕረፍት ስገባ አብረን ወደ ባቲ ወረድን። ሰኞ ስለነበር ገበያው ደርቷል። መኪናውን አቁመን ስሩ ካርቶን አነጠፍን። ስንመለስ ካርቶኑ ርሷል፤ በጣቴ ብነካው፣ ባሸተው ንጹህ ውሃ ነው። ያዘንኩት ለብሩ ብቻ አይደለም። ወንድሜ ያን ሁሉ ጊዜ «መንገድ ላይ ሊቆምብኝ ነው» እያለ ሲሳቀቅ መክረሙ ነው ያንገበገበኝ።

እናንተም ነጭ ካርቶን ወይም ወረቀት አንጥፉበት። ቀለምም ሽታም ከሌለው የኤሲ ውሃ ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ጣፋጭ ነገር ከሸተተ ግን የራዲያተር ኩላንት፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ሞተሩ ሳይግል ቶሎ ይታይ። ኩላንት መርዝ ነው፣ ልጆች እንዳይነኩት። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ዘይት ነው። ቅባትነት ያለው ነገር ጎማው አጠገብ ካዩ ደግሞ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ መኪናዋን እንዳያንቀሳቅሷት።

ከሪያድ፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ደወልኩላቸው። ኤሲው በደንብ ያቀዘቅዛል አሉኝ። ካርቶኑም ላይ ንጹህ ውሃ ነው። እናቴ ግን «የጋቢናው ሞኬት ረጥቧል፣ ይሸታልም» አለችኝ።

ከጅዳ፦

እናትሽ ዋናውን ነገር አይተዋል። የውሃ መውረጃው ቱቦ በአቧራ ወይም በቅጠል በከፊል ሳይደፈን አይቀርም፤ ስለዚህ ግማሹ ውሃ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጎሚስታ ጋ ይውሰዱትና ከስር በኩል አየር በቀስታ ይንፉለት። ሽቦ በኃይል እንዳይከቱበት፣ ቱቦው ይበሳል። ሞኬቱን አውጥተው ፀሐይ ያስመቱት። የአየር ማጣሪያውን፣ ማለትም የውስጡን ፊልትሮ፣ ይቀይሩት። ከዚያ በኋላ ቤት ሊደርሱ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ይተዉት፤ ውስጡ ይደርቅና ሽታው ይቀንሳል።

ሞኬቱ ላይ ያለው ርጥበት የሚያጣብቅ ከሆነና ጣፋጭ ከሸተተ ግን ሌላ ነው፤ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ጋራዥ ይግባ።

አባባ ውሃውን ፈርተው ኤሲውን ዘግተውት ከሆነ ይክፈቱት። ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ መስታወቱ ከውስጥ ሲደበዝዝባቸው ቶሎ የሚያጠራላቸው እሱ ነው፤ አየሩን ያደርቀዋል። ሰላም በይልኝ።