«ሰፍፎ ነበር» ሲባል ክንፉ የት ገባ?

ትናንት አንድ ወዳጃችን ዘፍጥረት 1፥2 ላይ «የእግዚአብሔርም መንፈስ በውኃ ላይ ሰፍፎ ነበር» ሲል «ሰፍፎ ነበር» ያለው በዕብራይስጡ ምን እንደሚል ጠይቆ ነበር። በሁለት መስመር ልመልስ ብዬ ተነሳሁና ረዘመብኝ፤ ታገሱኝ።

ግሱ ረ-ሐ-ፈ ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው 3 ቦታ ብቻ ነው። ዘፍጥረት 1፥2 ላይ «መራሔፌት» ይላል፣ በሴት አንቀጽ፣ ምክንያቱም መንፈስ (ሩአሕ) በዕብራይስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ዘዳግም 32፥11 ላይ ንስር በጫጩቶቹ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ኤርምያስ 23፥9 ላይ ደግሞ የነቢዩ አጥንቶች ናቸው፤ ወይን እንዳሸነፈው ሰው ሆኖ ይንቀጠቀጣሉ። ይሄኛው ሌላ ሥር ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ።

እኔ ሰፈፈ ሲባል የሚታየኝ ወጥ ላይ የወጣ ዘይት ነው፣ ወይም ጠጅ ላይ የሚወጣው ሰፈፍ። ዝም ብሎ ይተኛል። ዕብራይስጡ ግን አይተኛም። ክንፍ አለው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ያለውን ያያል።

ብሉይ ኪዳንን በጥንት ዘመን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰባ ሊቃናት ራሳቸው ሦስቱን ቦታ በሦስት የተለያየ ግስ ነው የተረጎሙት። ዘፍጥረት ላይ «በላይ ይሄድ ነበር» ዓይነት፣ ኤርምያስ ላይ «ተናወጡ»፣ ዘዳግም ላይ ግን «ናፈቀ»! ንስሩ ጫጩቶቹን ናፈቀ። መጀመሪያ ሳየው ምን ነካቸው አልኩ። በኋላ ነው የራሳችን ተርገበገበ ትዝ ያለኝ። ወፍ ክንፏን ታርገበግባለች፤ እናት ደግሞ ለልጇ ትርገበገባለች። መንቀጥቀጡም መሳሳቱም በአንድ ቃል። ለኔ ከአማርኛ ግሶች ሁሉ ለረ-ሐ-ፈ የሚቀርበው ይሄ ነው፣ ምንም እንኳ «መንፈስ ተርገበገበ» ብሎ በጉባኤ ማንበብ የማይታሰብ ቢሆንም። አንዣበበ እንዳልል ደግሞ ዛሬ የሚያንዣብበው አደጋ ብቻ ሆኗል።

ግዕዙ «ይጼልል መልዕልተ ማይ» ይላል። ጸለለ ጥላ መጣልም፣ በውሃ ላይ መንሳፈፍም ነው። ሉቃስ 1፥35 ላይ መልአኩ ለእመቤታችን «ወኃይለ ልዑል ይጼልለኪ» የሚላትም በዚሁ ግስ ነው። ግዕዙን ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ቦታ ወዲያው ያገናኛል፤ ዘፍጥረትን በአማርኛ ሰፈፈ ስንለው ያ ክር ይበጠሳል። ያሳዝናል።

ግሱ «እንቁላል መታቀፍ ነው» የሚለው ትርጓሜስ? ይሄ የመጣው ከሱርስት፣ ከጥንት ሶርያውያን ቋንቋ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ ከአንድ ሶርያዊ ሰማሁ ብሎ ጽፎታል፤ ወፍ እንቁላሏን እንደምታሞቀው ነው ይላል። ደስ ይላል፣ ስብከትም ያሳምራል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የዘዳግሙ ንስር ጫጩት እንጂ እንቁላል የለውም፣ ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ደግሞ ክንፏን አታርገበግብም። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ በሆነው ታልሙድ ላይ ቤን ዞማ የተባለው መምህር የሚለው ይሻለኛል፤ በልጆቿ ላይ የምታንዣብብ፣ ግን የማትነካቸው ርግብ።

ፊደል ለምትወዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከ1929 ጀምሮ ሶርያ ውስጥ ራስ ሻምራ ላይ በተቆፈሩት የጥንቷ ከተማ የኡጋሪት ጽላቶች ይሄው ግስ አለ፤ አሞራዎች አቅሐት በተባለው የተረቱ ጀግና ራስ ላይ ያንዣብባሉ፣ አናት የምትባለዋም አምላክ አብራቸው። እሷ እንኳ የመጣችው ልታስገድለው ነው፣ ስለዚህ ግሱ ሁልጊዜ የእናት ፍቅር ነው ማለት አይቻልም። እዚያ የተጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው። ዕብራይስጥ ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ ልዩነቱ አይታይም። «ሁለት ሐ ለምን አስፈለገ» ለሚሉት አሳዩልኝ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ቃሉን በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። በዛሬው ዕብራይስጥ «ራኽፋን» ማለት ድሮን ነው።