ክርክር፦ ፓልም ዘይት ብንተው ኦራንጉታን ይተርፋል?

ሄለን፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ ልጀምር። ኦራንጉታን፣ ያ ቀይ ፀጉር ያለው ትልቅ ጦጣ መሰል እንስሳ፣ በዱር ያለው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ባሉት ቦርኒዮና ሱማትራ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው። ሦስቱም ዝርያዎች ለመጥፋት ጫፍ ላይ ናቸው። ጫካቸው እየተመነጠረ ፓልም ይተከልበታል። እኛ ቤት ደግሞ ያ ቢጫ የፓልም ዘይት ጀሪካን አለ፤ ክረምት ጠዋት ረግቶ ፀሐይ ላይ የምናወጣው። እኔ መግዛቱን እንተው ባይ ነኝ።

ዳዊት፦ ሄለንዬ፣ የሸማቾች ሰልፍ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ? የሱፍ ዘይት ዋጋ ስንት እንደገባስ? ደሞ ሒሳቡን እንየው። አንድ ሄክታር ፓልም በዓመት ከ3 ቶን በላይ ዘይት ይሰጣል። አኩሪ አተር ግማሽ ቶን እንኳ አይሞላም። ፓልሙን ትተን ወደ አኩሪ አተር ብንዞር መሬቱ ከየት ሊመጣ ነው? ሌላ ጫካ ልንመነጥር?

መምህርት ሰብለ፦ ልጆች፣ እንስሳውን ረሳችሁት እኮ። ሴቷ የምትወልደው በየ7 እስከ 9 ዓመቱ አንዴ ነው። ግልገሏን ብቻዋን ታሳድጋለች። የትኛው ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ ማታ ማታ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጥፎ መኝታ መሥራት፣ ይህን ሁሉ የሚማረው ከእሷ ነው። ግልገሉ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ስለሚውል እሱን ለመሸጥ የፈለገ እሷን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከ1999 እስከ 2015 ቦርኒዮ ላይ ብቻ ከ100,000 በላይ እንደጠፉ ገምቷል። ብዙዎቹ የጠፉት ደግሞ ጫካው ካልተመነጠረበት ቦታ ነው። ጥይቱንም ቁጠሩት።

ሄለን፦ እሺ መምህርት፣ ግን ታፓኑሊ የሚባለው ኦራንጉታንስ? ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከ800 አይበልጡም። ጥቂት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ይበቋቸዋል!

መምህርት ሰብለ፦ እነሱን እንኳ ያሰጋቸው በዋናነት ፓልም አይደለም። ባታንግ ቶሩ የሚባለው ጫካቸው ውስጥ የኃይል ማመንጫ ግድብ መሠራት ተጀምሯል፤ አጠገቡም የወርቅ ማዕድን አለ። ግድብ ሲባል የእኛ ልብ ቶሎ ይሞቃል፤ ስለዚህ ይህን ክርክር በኋላ።

ዮናስ፦ ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2024 ምን እንዳለች ሰምታችኋል? ቻይና ለወዳጅ አገሮች ፓንዳ እንደምትልከው፣ ፓልም ለሚገዙን አገሮች ኦራንጉታን እንስጥ! ጩኸቱ ሲበዛ እንስሳቱ እዚያው ጫካቸው ይቆዩ ተባለ። ጀሪካን ለገዛ ኦራንጉታን ምርቃት 😂

ዳዊት፦ ሰፈራችን ሲደርስ አስቡት። ለማንኛውም እኔ አትግዙ ከማለት የትኛውን እንግዛ ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ጫካ ሳይመነጠር ለተመረተ ፓልም ማረጋገጫ የሚሰጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ቀዳዳ አለው ይሉታል፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ሄለን፦ የት አግኝቼ ልምረጥ? ጀሪካኔን አሁን አገላብጬ አየሁት። የምርት ቀን አለ፣ ሊትሩ አለ፣ ስለ ጫካ አንድም ቃል የለም። ባለሱቁን ከየትኛው እርሻ የመጣ ነው ብለው «እህቴ፣ ዘይት ነው» አለኝ።

ዳዊት፦ እና ገዛሽ?

ሄለን፦ አምስት ሊትር።