በአራት ክፍል ቴሌቪዥን ለማየት የዲሽ መስመር እንዴት ይዘርጋ? ልስን ሳይጀመር ምክር እፈልጋለሁ

አዲስ ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁም። በአዲስ አበባ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የምንሠራው ጂ+1 ቤት የብሎኬት ሥራው አልቆ ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳ እየሰረሰረ ቱቦ በመቅበር ላይ ነው። ልስን ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የቴሌቪዥኑን መስመር መወሰን አለብኝ።

ቴሌቪዥን የምንፈልገው በአራት ቦታ ነው፤ ምድር ላይ በሳሎንና በአማቴ መኝታ ቤት፣ ፎቅ ላይ ደግሞ በእኛ መኝታ ቤትና በልጆቹ ክፍል። አማቴ ከኢትዮሳት ቻናሎች ሌላ አይፈልጉም፤ ልጆቹ የናይልሳትን ካርቱን ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ባለቤቴም ኳስ ባለ ቀን ሳሎኑን ለብቻው ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሪሲቨር ኖሮት፣ ሌላውን ሳይረብሽ የፈለገውን እንዲያይ ነው ሐሳባችን።

ግራ ያጋባኝ ሦስት ሰዎች ሦስት የማይገናኝ ምክር መስጠታቸው ነው። ዲሽ የሚሠራልን ልጅ ለየክፍሉ የራሱ ዲሽ ይተከል ይላል፤ ሁለት ሳተላይት ስለምንፈልግ ይህ ጣሪያው ላይ ስምንት ዲሽ ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በበኩሉ የመብራቱ ሽቦ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ አንድ ኬብል አስገብቼ ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው እየቀጠልኩ እወስደዋለሁ አለኝ። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ እዚያ ቤቱን በሙሉ የሚያየው በአንድ ኬብልና በስፕሊተር (አንዱን መስመር ለብዙ በሚያካፍል ዕቃ) መሆኑን ነግሮኝ፣ ባለ አራት መውጫ ስፕሊተር በሰው ልኮልኛል። ጀርባው ላይ «5-1000 ሜጋኸርዝ» የሚል ተጽፎበታል። የትኛውን ልስማ?

የጣሪያ ሰው፦

ሦስቱንም አይስሙ፤ ይሁንና ሦስቱም በየፊናቸው የያዙት ትንሽ እውነት ስላለ ምክንያቱን ላስረዳ።

ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ናቸው። በመካከላቸው 64 ዲግሪ ስላለ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረውን ምልክት ተቀባይ) ከጎን አስሮ ሁለቱን መያዝ አይቻልም፤ ያ ዘዴ ለተቀራረቡ ሳተላይቶች ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁለት ዲሽ ግድ ነው። ከሁለት በላይ ግን አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የአንድ ዲሽ ምልክት ለአራት ክፍል እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለው ሞገድ በኬብል ውስጥ ሩቅ መሄድ ስለማይችል ኤልኤንቢው ዝቅ አድርጎ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ያወርደዋል። ክልሉ ጠባብ በመሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገባበትም፤ ቨርቲካሉና ሆሪዞንታሉ (ቁሙና አግድሙ ሞገድ)፣ የታችኛውና የላይኛው ባንድ (የሞገዱ ክልል) እየተለዋወጡ ይወርዳሉ እንጂ። የሚያለዋውጠው ሪሲቨሩ ነው። በዚያው ኬብል ወደ ላይ 13 ቮልት ሲልክ ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታል ማለቱ ነው፤ በላዩ 22 ኪሎኸርዝ የሆነ ምልክት ሲጨምርበት ደግሞ የላይኛውን ባንድ ይጠይቃል። እንግዲህ አራት ሪሲቨር በአንድ ኬብል ላይ ሲታሰር አራት ሰው አንድ መሪ እንደያዘ ነው። ወንድምዎ የላኩት ስፕሊተር ከዚህም በላይ ችግር አለበት፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው እንደሚለው የሚያሳልፈው እስከ 1000 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የእኛ ምልክት ደግሞ የሚጀምረው ከ950 ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በሁለቱም ዲሾች ላይ ባለ አራት መውጫ፣ ማለትም ኳድ ኤልኤንቢ ይግጠሙ። አራቱም መውጫዎች ለየብቻቸው ስለሚታዘዙ አንዱ ክፍል ሌላውን አይነካም። ከዚያ አራት ባለ ሁለት መግቢያ የዳይሴክ ስዊች (በሪሲቨሩ ትእዛዝ ከሁለቱ ዲሾች አንዱን የሚመርጥ ዕቃ) ይግዙና እያንዳንዱ ስዊች ከኢትዮሳቱ አንድ፣ ከናይልሳቱ አንድ ኬብል ተቀብሎ አንድ ኬብል ወደ አንድ ክፍል ያውርድ። በሁሉም ስዊች ላይ ኢትዮሳትን አንደኛው፣ ናይልሳትን ሁለተኛው መግቢያ ላይ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ሪሲቨር ከክፍል ክፍል በተዘዋወረ ቁጥር እንደገና ማስተካከል ይሆናል። ስዊቾቹ ዝናብ በማያገኛቸው ቦታ፣ ከክዳኑ በታች በሳጥን ውስጥ ይቀመጡ።

ሱቅ ሲሄዱ «ኳድ» እና «ኳትሮ» የሚሉት ሁለት ስሞች እንዳያምታትዎ። በመልክ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አራት መውጫ አላቸው፤ ሻጮችም አንዱን በሌላው ስም ሲሸጡ አይቻለሁ። የኳትሮ አራት መውጫዎች ግን እያንዳንዳቸው የምልክቱን ሩብ ብቻ ለዘለቄታው የያዙ ስለሆኑ የሚያገለግሉት መልቲስዊች ከሚባለው ራሱን የቻለ መሣሪያ ጋር ነው። ፔንሲዮን ወይም ስምንትና ከዚያ በላይ ክፍል ያለው ቤት ቢሆን መልቲስዊቹን እመርጥ ነበር። ለአራት ክፍል ግን ተጨማሪ ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ የራሱን መብራት ይፈልጋል።

ከሜሪላንድ፦

ለወንድምዎ ጥብቅና ልቁም፤ የተናገረው ለሚኖርበት ቤት ትክክል ነው። እዚህ አሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቶች ቻናሎቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ሽቦ ይልካሉ፤ ከመካከላቸው የሚመርጠው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለው ሳጥን እንጂ ከላይ የሚታዘዝ አካል የለም። ስለዚህ ሽቦውን መክፈል የሚያስከትለው የምልክት መቀነስ ብቻ ነው። ባለ ሁለት መውጫው ወደ 3.5 ዴሲቤል፣ ባለ አራቱ ወደ 7 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ያልተያዘውን መውጫ በ75 ኦም ማቆሚያ መዝጋትም ይመከራል።

እኔም አዲስ አበባ ለወላጆቼ ስፕሊተር ልኬ ነበር። ከወር በኋላ ስደውል እናቴ የስፌት ክር ጠቅልላበት አገኘሁት። አንድ ነገር ግን ከዚህ ልምድ ይወሰድ፦ እዚህ በደንብ የተሠራ ቤት ውስጥ ከየክፍሉ የሚነሳው ኬብል ሳይቆረጥና ሳይቀጠል አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አከፋፋዩ ምንም ዓይነት ይሁን፣ የሚለወጠው እዚያው ነው፤ ግድግዳ የሚነካ የለም።

ኤሌክትሪሺያን ዘአዳማ፦

ስለ ቱቦው እኔ ልናገር። የመብራትና የቴሌቪዥን ሽቦ በአንድ ቱቦ ፈጽሞ እንዳይሄዱ ያድርጉ። ጉዳዩ የሥዕል ጥራት ብቻ አይደለም፤ የመብራቱ ሽቦ ሲጎተት ተልጦ በዲሹ ኬብል ውስጥ ያለውን የሽቦ መረብ ቢነካ 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ሪሲቨሩና ወደ ዲሹ ይሄዳል፤ ዲሹን ደግሞ ልጅ ወጥቶ ይነካዋል። እኔ ጎን ለጎን ሲሄዱ 30 ሳንቲሜትር አራርቃለሁ፤ መገናኘት ካለባቸውም በመስቀል ቅርጽ እንዲያልፉ አደርጋለሁ።

ከየክፍሉ ባለ 25 ሚሊሜትር ቱቦ ወደ አንድ ቦታ ይምጣ፤ ቦታው የፎቁ ኮሪደር ኮርኒስ አጠገብ ቢሆን ለጣሪያውም ለክፍሎቹም ይቀርባል። ከዚያ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ቱቦ ሰፋ ያለ ይሁን፤ አፉም ወደ ታች ይጠምዘዝ፤ ወደ ላይ የተከፈተ ቱቦ ክረምት ሲገባ ውኃ ማውረጃ ነው። ኬብሉ ሲታጠፍ ጥግ ላይ እንዳይሰበር ክርን የሚባለውን ባለ 90 ዲግሪ መጋጠሚያ ትቼ ቱቦውን ራሱን ለጋ አድርጌ አጥፋለሁ፤ አርጂ6 ለሚባለው የዲሽ ኬብል ቢያንስ 7 ሳንቲሜትር ራዲየስ ይበቃዋል። በየቱቦው ውስጥ ኬብል መጎተቻ ሲባጎ ገብቶ ይቆይ፤ የቱቦዎቹ አፍ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይወተፍ። ሰው የሚንቀው ይህን ነው፤ ልሳኙ ደግሞ የሚደፍነው ይህንኑ ነው። ልስን ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግተው የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ያንሱ፤ በኋላ መጋረጃ ሰቃዩ በድሪል ሲመጣ ያመሰግኑኛል።

ከዲሹ ኬብል ጎን በየቱቦው አንድ ካት6 የኔትወርክ ኬብል ይጨምሩ። ፋይበር ቤት ሲገባ ቴሌቪዥኑ ከኢንተርኔትም ስለሚያሳይ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም መጨረስ ነው። የዲሾቹ ብረት ማቆሚያም ከቤቱ የመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር።

አዲስ ቤት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ አሁን በኪራይ ያለንበት ግቢ ጎረቤታችን በአንድ ኬብልና በስፕሊተር ሁለት ቴሌቪዥን ካየ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አልፎ አልፎ «ሲግናል የለም» ከማለቱ በቀር ይሠራል። አይሆንም ከተባለ ይህ እንዴት ሆነ? ሁለተኛ፣ ለሁለቱ ዲሾች ጣሪያው ላይ የትኛውን ማዕዘን ልተው? በምዕራብ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ሰው ገዝቶታል፤ ፎቅ ይሠራበታል እየተባለ ነው።

የጣሪያ ሰው፦

የጎረቤትዎ ነገር የሚገርም አይደለም። ኢትዮሳት ላይ ብዙ ቻናል የያዙት 11105 እና 11165 የሚባሉት ፍሪኩዌንሲዎች ሁለቱም ሆሪዞንታል ናቸው፤ ሁለቱም በታችኛው ባንድ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሪሲቨሮች ኢትዮሳትን እስካዩ ድረስ ሁለቱም ወደ ላይ የሚልኩት ያንኑ 18 ቮልት ነው፤ የሚጣሉበት ነገር የለም። አንደኛው ክፍል ወደ ናይልሳት ሲሻገር ግን የእሱ ሪሲቨር ስዊቹን ወደ ሌላው ዲሽ ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ ሌላኛው ክፍል ይጨልማል። ሁለቱም ናይልሳት ላይ ሆነው አንዱ ቨርቲካል ሌላው ሆሪዞንታል ቢፈልጉ ደግሞ 18 ቮልቱ ያሸንፋል፤ 13 የላከው ባዶ እጁን ይቀራል። «አልፎ አልፎ» ያሉት ይህ ነው። ልጆቹ ናይልሳት፣ አማትዎ ኢትዮሳት በሚያዩበት ቤት አልፎ አልፎ ሳይሆን ማታ ማታ ይሆናል።

ወደ ቦታው ስመለስ፣ ምዕራቡ ሊያሳስብዎ ይገባል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኢትዮሳት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ አጥር ጥግ ካልተከሉት በቀር ሕንፃ አይጋርደውም። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ከ36 እስከ 37 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ ከዲሽዎ በ6 ሜትር ከበለጠ፣ በዚያ አቅጣጫ ቢያንስ 8 ሜትር ያህል ርቀት ሊኖርዎ ይገባል፤ በ9 ሜትር ከበለጠ ደግሞ 12 ሜትር። ስለዚህ የናይልሳቱን ዲሽ በጣሪያው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ፣ ማለትም ከሚሠራው ፎቅ በተቻለ መጠን አርቀው ይትከሉት። የኢትዮሳቱ የትም ይሁን። ይህን የምለው ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛ ምዕራቡ ጠርዝ ላይ ተክዬ፣ ስምንት ወር ሳይሞላው ጎረቤቱ ሦስተኛውን ሶሌታ ሲሞላ ዲሹን በራሴ ወጪ ስላዛወርኩ ነው።

ኬብል ሲገዙ ኪስዎ ውስጥ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ገበያ ላይ አርጂ6 ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው መሐል ሽቦው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። የጥቅሉን ጫፍ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ልጠው ማግኔቱን ሲያስጠጉት ከሳበ ብረት ነው። ምልክት ማሳለፉን ያሳልፋል፤ ወደ ላይ የሚሄደውን ቮልት ግን ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ይበላል። ረጅም በሆነው መስመር ላይ፣ በተለይም መረቡ ሳሳ ያለ ከሆነና ኮኔክተሩ ከላላ፣ ከሪሲቨሩ 18 ሆኖ የወጣው ኤልኤንቢው ጋ ሲደርስ ወርዶ እንደ 13 ይቆጠራል። ያን ጊዜ የሚጠፉት ሆሪዞንታሎቹ ናቸው፤ ኢትዮሳት ጠፍቶ ከናይልሳት ግማሹ ይቀራል። ደንበኛውም ኤልኤንቢ ይቀይራል፣ ሪሲቨር ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ግድግዳ ውስጥ ነው። የኤፍ ኮኔክተሩም በእጅ ከሚጠመዘዘው ይልቅ በመሣሪያ የሚጨመቀው ይሁን፤ ከውጭ ያሉት በሙሉ በላስቲክ ይሸፈኑ፤ ኬብሉም ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ይበል፤ ውኃው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል።

አዲስ ቤት፦

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። ቅዳሜ መርካቶ ሄጄ ከልጄ መጫወቻ ላይ የነቀልኩትን ማግኔት ይዤ ሦስት ሱቅ ገባሁ። በመጀመሪያው ሱቅ ማግኔቱ ከሽቦው ጋር ጥብቅ ብሎ ቀረ፤ ባለሱቁም «ጥሩ ኬብል ስለሆነ ነው የሚይዘው» አለኝ። በሁለተኛውም ያው ነበር። በሦስተኛው አልሳበም፤ ዋጋው ከሌሎቹ ቢበልጥም ባለ 100 ሜትር ሁለት ጥቅል ወሰድኩ። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ትንሽ ቅር ቢለውም የመብራቱን ቱቦ ለብቻው ትቶ ከአራቱ ክፍል ወደ ፎቁ ኮሪደር የሚሰበሰበውን ከሰኞ ጀምሮ እየሰረሰረ ነው፤ የአማቴ ክፍል መስመር እስከ ኮሪደሩ 14 ሜትር ሆኖ ተለክቷል። ዲሽ የሚሠራው ልጅም ኳድ ኤልኤንቢ ካገኘሁ ሁለት ዲሽ ይበቃል ብሎ ተስማምቷል። ስፕሊተሩን ለወንድሜ ልመልስለት ወይስ ክር ልጠቅልልበት፣ ገና አልወሰንኩም።