ለሙዚየም በግሌ ገንዘብ ላሰባስብ ነው፣ ከየት ልጀምር?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ጅማ ሙዚየም ስገባ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ፊት ቆመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አያልቅም። ለአንዳንዶቹ ዕቃዎች ጥሩ የመስታወት ሳጥን፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያም ባሠራ ብዬ ተነሳሁ። ድርጅት የለኝም፣ ኮሚቴም የለኝም። ውጭ አገር ሰዎች ልደታቸው ሲደርስ «ለእኔ ስጦታ ከምትገዙ ለሙዚየሙ ስጡልኝ» ብለው የራሳቸውን ገጽ ከፍተው ወዳጆቻቸውን ይለምናሉ። እኛ ጋ ይሄ ነገር ይሄዳል? የቴሌብር ቁጥሬን ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው? ደሞ «ሰው ታሞ መታከሚያ አጥቶ አንተ ለሙዚየም ትለምናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም፣ ለሱ ምን ልበል?

ቡና ጠጡ፦
ቁጥርህን እንዳትለቀው! ፌስቡክ ላይ በግል ቁጥር «እርዱ» የሚል በዝቶ ሰው አንገሽግሾታል፣ አንተም ከነሱ ጋር ትደመራለህ። መጀመሪያ ሙዚየሙ ሂድና ሐሳብህን የሚያውቅና የተቀበለ መሆኑን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አጽፍ። ከዛ ስልክህን አንሳና አንድ በአንድ ደውል። ለሁሉም የተለጠፈ ልመና ለማንም አልተላከም፣ ሁሉም ሌላው ይሰጣል ብሎ ያልፋል። በስሙ ጠርተኸው «አንተ ይሄን ያህል ብትችልልኝ» ያልከው ሰው ግን እምቢ ለማለትም ይከብደዋል። የለቅሶ ቤት መዝገብ አይተህ የለ? የሚጽፈው ሰው መጀመሪያ ከሱ በፊት የጻፈው ስንት እንደሆነ ነው የሚያየው። ስለዚህ ራስህ ስጥ፣ ወንድም እህትህን፣ አብረውህ የሚያስተምሩትን አስገባ፣ ከዛ ለሌላው አሳይ።

«ለሙዚየም» ብለህም አትጠይቅ። ሙዚየም ማለት ለብዙ ሰው የመንግሥት ቤት ነው፣ መንግሥት ይሥራው ይልሃል። «ለዚህች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሳጥን» በለው፣ ፎቶዋን ላክለት።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦
ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነገር ስለሆነ። ጥሬ ገንዘቡን ለመሥሪያ ቤት ካስረከብክ በሞዴል 64፣ በመንግሥት የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ማለት ነው፣ ገቢ ይደረጋል፣ ደረሰኝ ይሰጥሃል፣ እሰየው። ከዚያ በኋላ ግን የመንግሥት ገንዘብ ነው። በጀት አለው፣ ርዕስ አለው፣ የግዥ ደንብ አለው፣ ፋይናንስ አለ። ሌባ አለ እያልኩህ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። አንተ ለሳጥን ብለህ የሰበሰብከው ሳጥን እስኪሆን ሰዎቹ «የት ደረሰ?» ብለው ያስጨንቁሃል። ይልቅ ሳጥኑን አሠርተህ ዕቃውን ራሱን አስረክብ። በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያው ደረሰኝ፣ ገቢ ያደርጉልሃል፣ የደረሰኟን ፎቶ ለሰጡህ ሁሉ ትልካለህ፣ አለቀ። ገንዘቡ እስከዚያው በአንተ ስም ብቻ አይቀመጥ፤ ሦስት ሆናችሁ በጣምራ ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ ክፈቱ። ይህን የማደርገው ስለማልታመን ነው ወይ ብለህ እንዳትቀየም፣ ነገ ስምህን የሚያድንህ እሱ ነው። ልኩን ደግሞ ከሙዚየሙ ባለሙያ ጋር ሆናችሁ ውሰዱ፤ አናጢው በግምት ሠርቶት ዕቃው አልገባ ቢል ጉድ ነው።

ሜሪላንድ ያለሁ፦
ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ) እያሰባችሁ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የባንክ ሒሳብ አይቀበልም፣ እዚህ ያለ ሰው በስሙ ከፍቶ ነው ገንዘቡን የሚልክላችሁ። ክፍያም አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ልገሳ ላይ 2.9 በመቶ እና ተጨማሪ 30 ሳንቲም ይቆርጣል። አምስት ዶላር የሰጠ ሰው ላይ ወደ 45 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው፣ ስለዚህ ትንንሹን ሰብስቦ አንድ ሰው በአንዴ ቢያስገባው ይሻላል። አንዳንዱ «ከግብር ይቀነስልኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ በግለሰብ ስም ለተከፈተ ገጽ አይቀነስም፣ ቀድማችሁ ንገሩት። የጅማ ልጅ ግን እዚህ ሞልቷል። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ ያየ ዝም አይልም፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን ሲባል እኔ ራሴ ሆዴ ይባባል።

ዝም አልልም፦
እኔ ግልጽ ልሁን፣ አልሰጥም። ሆስፒታል በር ላይ የማየው ሰው ይበልጥብኛል።

ቡና ጠጡ፦
መብትህ ነው ወንድሜ፣ እሱም ገና ሲጠይቅ የገመተው ነገር ነው። የሂርማታ ልጅ፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር አትከራከር። አመስግነህ እለፍ። የታመመ የሚያሳክምና ለሳጥን የሚሰጥ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም፣ ቢሆን እንኳ ከአንድ ኪሱ አያወጣውም። በረመዳን ግን አትጠይቅ፣ ሰው ያኔ ዘካና ሰደቃውን ለድሃ እያሰበ ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ የሞዴል 19ኙን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ጋሼ፣ ጣምራ ፊርማው ላይ ሦስተኛ ሰው ይሁኑልኝ ብልስ? መስከረም ላይ ልጀምር ነው ያሰብኩት፣ አዲስ ዓመትም ስለሆነ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም፦
እሆናለሁ፣ ቢሮክራሲው እንደሆነ ናፍቆኛል። መስከረምን ግን ተወው። ወላጅ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝቶ ባዶ እጁን ነው። አንተ መምህር ሆነህ ይሄን እኔ ልንገርህ?

ሐሙስ ገበያ፦
ልክ ናቸው። ቀይ ቡና ይሸጥ፣ ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ኑ። ነጋዴውም ገበሬውም ያኔ እጁ ላይ ገንዘብ አለ። እኔ ብር ሳይሆን እንጨቱን እችላለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ ዋንዛ ካላችሁ ዋንዛ። አናጢም የማውቀው አለ፣ መስታወቱን ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። ልኩ ሲወሰድ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።