የባሕር ዳር «ዳር» እና የዳሬሰላም «ዳር» ዘመድ ናቸው?

ጣና ዳር
ሰላም ናችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። ካርቱም ሠርቶ የተመለሰ ጓደኛችን «ባሕርም ዳርም ዓረብኛ ነው፣ የከተማችሁ ስም ራሱ የዓረብ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ማስረጃው ዳሬሰላምና ዳርፉር ናቸው። እኔ ደግሞ ከተማው ጣና ዳር ስለተቀመጠ ነው እንጂ ምን ሌላ ነገር አለው አልኩ። ግን ድምፁ ቁርጥ አንድ ሲሆን ትንሽ ጠረጠርኩ። የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ።

የዳንግላው
ጓደኛህ ግማሹን አግኝቷል። ባሕር በግዕዝም በዓረብኛም አለ፤ አንዱ ካንዱ ተውሶት ሳይሆን ሁለቱም ከአንድ የሴም ግንድ ስለወረሱት ነው። ምልክቷ ሐ ናት። ዛሬ ሁላችንም «ባህር» እያልን እንደፈቀደን እንጽፋለን፣ የግዕዙ ግን በሐመሩ ሐ ነው፣ ዓረቦችም ያችኑ ከጉሮሮ የምትወጣ ሐ እስካሁን አልጣሏትም። ትርጉሙም ብዙ አልራቀም። እኛ ጣናን ባሕር እንላለን፣ ሱዳኖች ዓባይን «አል ባሕር አል አዝረቅ» ይሉታል፣ ሰማያዊው ባሕር።

ዳር ላይ ግን ስቷል። የዓረብኛው ዳር ቤት ነው፣ ሲሰፋም አገር። ዳርፉር የፉሮች አገር፣ ዳሬሰላም የሰላም ቤት። ካዛብላንካንም ዓረቦቹ «ዳር አል በይዳ» ነው የሚሏት፣ ነጭ ቤት። ዳሬሰላምን በፈረንጅ 1860ዎቹ የቆረቆራት የዛንዚባሩ ሱልጣን ማጂድ ነው። ሰውን የሚያሳስተው እሷም ባሕር ዳር ላይ መሆኗ ነው፣ አጋጣሚ ነው። የእኛው ዳር ጠርዝ ነው፦ ዳርቻ፣ ዳር ድንበር፣ ነገርን ዳር ማድረስ፣ ዳር ዳር ማለት። አንዱም ውስጥ ቤት አታገኝም።

ጣና ዳር
ቆይ፣ ማደሪያስ? ማኅደርስ? እነሱ ቤት ናቸው እኮ።

የዳንግላው
አይገናኙም ወንድሜ። አደረ በግዕዝ ኀደረ ነው፤ ብዙኃኑ ኀ አማርኛ ላይ ስለተበላ ነው ዳር የመሰለህ። የዓረብኛው ሥር ደግሞ መዞር ነው፣ ክብን «ዳኢራ» የሚሉት ከዚያው ነው። ሁለት ፊደል ስለገጠመ ዘመድ ከተባለማ «ልጅህን ዳር» የሚለውም ሊቆጠር ነው።

የመራዊ ልጅ
ኢስታንቡል ነው የተማርኩት። ቱርኮች «ዳር» ሲሉ ጠባብ ማለታቸው ነው፣ ሱሪ ገዝተህ አልገባ ሲልህ የምትለው እሱን ነው። ከፋርስ የወሰዱት ሌላ ዳርም አላቸው፣ ቃል ጫፍ ላይ ተቀጥሎ «ያዥ» ወይም «ባለ» የሚል። ሕንድ ውስጥ ባለመሬቱን ዘሚንዳር ያሰኘው እሱ ነው። ሩሲያኛ ላይ ደግሞ ዳር ስጦታ ነው፣ መስጠት ከሚለው ግሳቸው የወጣ። ቡልጋሮች ልጃቸውን ቦዢዳር ብለው ይሰይማሉ፣ የፈጣሪ ስጦታ፣ ሀብተ ሥላሴ እንደምንለው። ከዓረብኛውና ከእኛው ጋር አምስቱም ዳሮች አይተዋወቁም።

ቅኔ ቤት
ጎጃም ተቀምጣችሁ ለዚህ ነገር ቱርክ ድረስ መሄዳችሁ ገረመኝ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ማለት የእኛ የዕለት እንጀራ ነው፣ ኅብር ይባላል። ጠባብ አላችሁ አይደል? በግዕዝ ወንዱ ጠቢብ ሲሆን ሴቷ ጠባብ ናት። «ጠባብ ብእሲት» ብትላት አመሰገንካት እንጂ አልሰደብካትም። የአማርኛው ጠባብ ከሌላ ነው የመጣው፣ ከጸበበ። ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ጸም ጠ ሆነችና ሁለቱ ቃላት ተደራረቡ።

ዓባይንም እዩት። ወንዙ ከግዕዙ ዐቢይ ነው፣ ትልቅ፤ የሴቷ ቅጽ ዐባይ ነው። ትግርኛ ዛሬም ትልቋን ዓባይ ይላታል። ሌላኛው አባይ ግን ውሸታሙ ነው። ገደለ ካለ ገዳይ እንደምንል አበለ ካለ አባይ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን» ብሎ የሚያወግዘው ይኼኛውን ነው።

ሰከላ
ኧረ የኔታ! ግሽ ዓባይ የተወለደ ሰው ፊት ወንዙን ከቀጣፊ ጎን ያቆሙታል? «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» መባሉ አይበቃውም? ቢያንስ ወንዙን በዐይኑ ዐ፣ ውሸታሙን በአልፋው አ እየጻፍን ብንለያቸው ጥሩ ነው። ሰው ግን ሁሉንም በአልፋው እየጻፈ ቀላቀላቸው።

ቅኔ ቤት
ለዩዋቸው፣ ደግ ነው። እኔም ስጽፍ እለያለሁ። ቅኔ ግን የሚዘረፈው በቃል ነው፣ ጆሮ ደግሞ ዐይንና አልፋ አይለይም። እዚያ ላይ ወንዝህን ላድንልህ አልችልም።