የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምርመራን ስለማፋጠን፦ በጋራ ለምናቀርበው ዕቅድ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ ያሉ ክሊኒኮቻችን በጋራ የሚያቀርቡት የመጀመሪያው ረቂቅ የመሣሪያ ግዢን ያስቀድማል። በ2024 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ለመቋቋም ለሚረዳ ፈጣን ምርመራ የተዘጋጀውን የሎንጂቲዩድ ሽልማት ያሸነፈው በስዊድን የተሠራ መሣሪያ በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን በ15 ደቂቃ፣ የሚፈውሰውን መድኃኒት ደግሞ በ45 ደቂቃ ገደማ ያሳያል። አስተያየታችሁን እንጠብቃለን።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ሆኖም የሚፈትሸው 5 መድኃኒቶችን ብቻ ሲሆን ለእያንዳንዱ ናሙና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ካርትሪጅ ይፈልጋል። ካርትሪጁ ከውጭ እስኪገባ ድረስ መሣሪያው ሸማ ለብሶ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ። በካልቸር (ናሙናውን በማብቀያ ላይ ዘርቶ በማየት) ባክቴሪያው እስኪበቅል ከ18 እስከ 24 ሰዓት፣ ከዚያም ለመድኃኒት ፍተሻው ወደ 18 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህን በልመና አናሳጥረውም። ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊትና ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚባክነው ጊዜ ግን የእኛው ጥፋት ነው።

የአንድ ክሊኒክ ነርስ፦ እርስዎ ያሉትን በየቀኑ አየዋለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት የተወሰደ ሽንት ሞተረኛው እስኪመጣ ጠረጴዛ ላይ ይውልና ከቀኑ 10 ሰዓት ይላካል። በሁለተኛው ቀን «ከአንድ በላይ ዓይነት ባክቴሪያ በቅሏል፣ ናሙናው ይደገም» የሚል ወረቀት ይመጣል፤ ነፍሰ ጡሯም እንደገና ትጠራለች። ዓርብ ከሆነማ አይነሣ።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ ትክክል ነዎት ሲስተር። ሽንት በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተዘራ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መቆየት አለበት፤ እዚያም ቢሆን ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። መብራት ለሚቆራረጥባቸው ክሊኒኮች ባክቴሪያው እንዳይራባ የሚያደርግ ቦሪክ አሲድ ያለበት የናሙና ዕቃ ይሻላል።

ሐኪም፦ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ መድኃኒት የምንሰጠው በግምት ነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ ስትሪፕ ባክቴሪያው ናይትሬትን ወደ ናይትራይት መለወጡን ያሳያል፤ ነገር ግን ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ወደ 4 ሰዓት ካልቆየ ወይም ባክቴሪያው እንደ ኢንቴሮኮከስ ናይትራይት የማይሠራ ከሆነ ኔጌቲቭ ይሆናል። በዚያው ዕለት ልንደገፍበት የምንችል ሌላ ነገር የለም?

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ አለ፣ ዶክተር፤ የዘነጋነው ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያስችለው የግራም ቀለም ነው። በሴንትሪፊዩጅ ያልዞረ ሽንት ጠብታ ቀልመን በዘይት ሌንስ ስናይ በአንድ ዕይታ ቢያንስ አንድ ባክቴሪያ ካገኘን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ገደማ እንዳለ ይጠቁማል። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ማይክሮስኮፑም ቀለሙም በእጃችን ነው። የመድኃኒት ፍተሻን አይተካም እንጂ፣ ባክቴሪያ ከሌለበት ሰው ላይ አንቲባዮቲክ ያስቀራል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንግዲያው አንቀጽ 1 እንዲህ ይታረማል፦ «ሞተረኛው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ4 ሰዓትና በ8 ሰዓት ናሙና ይሰበስባል፤ የግራም ውጤት በዕለቱ፣ የካልቸር ውጤት ደግሞ በወጣበት ሰዓት ለሐኪሙ በስልክ ይነገራል፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ባለሙያ ይመደባል።» የመሣሪያው ግዢ ወደ አንቀጽ 4 ይወርዳል። የተረኛውን አበል ከየትኛው በጀት እንደምንሸፍን የሂሳብ ክፍሉ እስከ ሐሙስ ይጻፍልን።